አንደኛ ክፍልን ማን ያስተምር? የክፍል አደረጃጀት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተግባራዊ መሆን ከጀመረ ወዲህ በደቡብ ጎንደር ዞን ምሥራቃዊ ወረዳዎች የትምህርት ተደራሽነት በእጅጉ መስፋፋቱ ይታወቃል። ቀደም ባሉት ዘመናት በላይ ጋይንትም ሆነ በታች ጋይንት፣ በስማዳም ሆነ በእስቴ ለብዙ የገጠር ሕፃናት ትምህርት ቤት ማለት ሸለቆ ወርዶ ዳገት ወጥቶ የሚደረስበት፣ አለዚያም ከተማ ካለ ዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚማሩበት ሩቅ ቦታ ነበር። ትምህርት ቤቶች በየቀበሌው ሲከፈቱ ግን ጥያቄው ተለውጧል። ዛሬ የሚጠየቀው በቀበሌው ትምህርት ቤት መኖር አለመኖሩ ብቻ ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ ምን እየተሠራ እንደሆነ ጭምር ነው። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ በጽሕፈት ቤቶቻችን ሪፖርቶች ውስጥ ተገቢውን ቦታ አግኝቷል ለማለት ያስቸግራል።

ጥያቄው አሳሳቢ መሆኑን ከሚያመለክቱት መረጃዎች አንዱ በ2002 ዓ.ም በተለያዩ ክልሎች የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ነው። የአማራ ክልልም በተሳተፈበት በዚህ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ዓመት ሳይደግሙ ለፈተና የደረሱት ወጣቶች አንደኛ ክፍል የገቡት በ2003 ዓ.ም፣ ማለትም ምዘናው በተደረገ ማግስት ነበር። ለውጤቱ ማሽቆልቆል በርካታ ምክንያቶች ቢጠቀሱም ችግሩ 12ኛ ክፍል ላይ እንዳልጀመረ ግን እሙን ነው።

በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአንድ ክፍል የተቀመጠው መስፈርት 50 ተማሪ ነው። በገጠሩ የሚታየው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ምዝገባ በንቅናቄ በሚካሄድበት መስከረም አንደኛ ክፍል ከ50 በእጅጉ የሚልቁ ሕፃናት ይታጨቁበታል፤ ከፍ ወዳሉት ክፍሎች በተሄደ ቁጥር ደግሞ ተማሪው በማቋረጥ እየሳሳ ይሄዳል። በዚህም ሳቢያ በአንድ ግቢ ውስጥ አንዱ ክፍል ሲጨናነቅ ሌላው ግማሹ ባዶ ሆኖ ይታያል። በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚስተዋለው ልማድ ደግሞ የሚገርም ነው። ብሎኬቱና መስኮቱ የተሟላው አዲሱ ክፍል ለትልልቆቹ ይሰጥና አሮጌው የጭቃ ክፍል ለአንደኛና ለሁለተኛ ክፍል ይተዋል።

ሰባት በስምንት ሜትር የሆነ ክፍል እንውሰድ። ስፋቱ 56 ካሬ ሜትር ነው። 80 ሕፃናት ቢገቡበት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከአንድ ካሬ ሜትር በታች ነው፤ ከዚያ ላይ የመምህሩ መቆሚያና መተላለፊያው ይቀነሳል። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። መምህሩ ምንም ሳያስረዳና ምንም ሳይጽፍ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ቢያነጋግር እንኳ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ግማሽ ደቂቃ ነው። ደብተር ማረምም እንዲሁ ነው። ለአንድ ደብተር አንድ ደቂቃ ቢሰጥ የአንድ ትምህርት የቤት ሥራ ብቻ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይወስዳል። ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም የትምህርት ዓይነቶች እንዲያስተምር በተደረገባቸው ዓመታት ይህ ሸክም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነበር። "ተከታታይ ምዘና አይካሄድም" የሚለው ትችት በየግምገማው ሲሰማ ይህ ስሌት አብሮ ሲነሳ አይሰማም።

እንዲህ ያለውን ክፍል ጸጥ ለማሰኘት አገራችን ውስጥ የቆየው ዘዴ የታወቀ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ሆነ በእሱ ዕድሜ ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች የተማሩት በዚያው ነው። መምህሩ ሲወጣ የክፍል አለቃው ጠመኔ አንሥቶ የሚያወሩትን ልጆች ስም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ወዳጆቹን ይዘላል፤ መምህሩ ሲመለስ ስማቸው የተጻፈው መዳፋቸውን ዘርግተው ይቆማሉ። በ1987 ዓ.ም የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ከሚፈጸም የአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ልምጭ ግን ከክፍል አልጠፋም። ምክንያቱም የመምህሩ ጭካኔ ብቻ አይደለም። 80 ሕፃናትን በ40 ደቂቃ ውስጥ የሚይዝበት ሌላ ዘዴ ያላሠለጠኑት መምህር እጁ ላይ ያገኘውን ይጠቀማል። ልምጩን በክልከላ ብቻ ማስቀረት አይቻልም፤ በምትኩ የክፍል አያያዝ ሙያ መሰጠት አለበት።

ከ2003 ዓ.ም በኋላ ባሉት ዓመታት በየትምህርት ቤቱ የተዘረጋው የ1 ለ 5 አደረጃጀት ይህንን ክፍተት ይሞላል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ነበር። ሐሳቡ መልካም ጎን ነበረው። ጎበዙ ተማሪ አራትና አምስት ጓደኞቹን ቢያግዝ መምህሩ 80 ልጆችን በቀጥታ ከማዘዝ ይልቅ በ15 ያህል ቡድኖች በኩል ይሠራል። አፈጻጸሙ ግን በሁለት ነገሮች ተሰናክሏል።

አንደኛው መቀመጫው ነው። በጭቃ በተሠራ የገጠር ክፍል ውስጥ ልጆቹ የሚቀመጡት ብዙውን ጊዜ ከመሬቱ ጋር ተያይዞ በጭቃና በድንጋይ በተሠራ መደብ ላይ ነው። መደብ አይነሣም፣ አይዞርም። "ተማሪዎች ፊት ለፊት እንዲተያዩ ሆነው በቡድን ይቀመጡ" የሚል መመሪያ እንዲህ ዓይነት ክፍል ሲደርስ የፊተኛው ረድፍ ልጆች ጀርባቸውን ለሰሌዳው ሰጥተው፣ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንዲጽፉ ያደርጋል። ዴስክ ባለበትም ቢሆን ለሦስት ልጅ በተሠራ ዴስክ አራትና አምስት ልጅ ተጣብቆ ሲቀመጥ እጅ የሚያንቀሳቅስበት ቦታ የለም። መመሪያውን ያዘጋጀው አካል ስለ መደብ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ሌላ መላ አይጠፋም ነበር፤ ለአብነት ሁለት ተከታታይ መደቦችን አንድ ቡድን አድርጎ የፊተኛው ረድፍ ለንባቡ ጊዜ ብቻ ዞር እንዲል፣ ለጽሑፍ ሲሆን እንዲመለስ ማድረግ ይቻላል።

ሁለተኛውና የከፋው ችግር አደረጃጀቱ ከመማሪያነት ወደ ሪፖርት ማድረጊያነት መሸጋገሩ ነው። የቡድኖቹ ብዛት፣ የተሰበሰቡበት ቀን፣ የፈረሙት አባላት ቁጥር ከትምህርት ቤት ወደ ጉድኝት ማዕከል፣ ከጉድኝት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን ተላለፈ። ስንት ልጅ ማንበብ እንደቻለ የሚጠይቅ ዓምድ ግን በቅጹ ላይ አልነበረም። ከ2010 ዓ.ም ወዲህ አደረጃጀቱ እየደበዘዘ ሲሄድ ቅጹም ልጆች እርስ በርስ የሚረዳዱበት ልማድም አብረው ተተዉ። የመጀመሪያው አይጸጽትም፤ የሁለተኛው መቅረት ግን ጉዳት ነው።

እርስ በርስ መማማር ለዚህ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። ጋይንት በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ታሪክ የታወቀ ስም ያለው አገር ነው። የድጓ ማስመስከሪያ የሆነችው ቤተ ልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት መምህራን መፍለቂያ የሆነችው ዙር አባ ስማቸው ከጋይንት ጋር ተያይዞ ይነሣል። በቆሎ ትምህርት ቤት አንድ የኔታ በዕድሜም በዕውቀትም የተለያዩ በርካታ ደቀ መዛሙርትን ያስተምራሉ። አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው ንባብ ይወርዳል፣ ሌላው ዳዊት ይደግማል። ሁሉም በአንድ ቦታ ተቀምጠው እያንዳንዱ በየራሱ ትምህርት ላይ ነው። ታላቁ ታናሹን ያስቀጽላል፤ የኔታ ደግሞ ተራ በተራ ይሰሟቸዋል። ፊደል ያልለየ ወደ ንባብ፣ ንባብ ያልወጣው ወደ ዳዊት አይሻገርም፤ የሚሻገረውም ዓመቱ ስላለቀ ሳይሆን ትምህርቱን ስለጨረሰ ነው።

ይህን ማንሣት ወደ ኋላ እንመለስ ለማለት አይደለም። በዚያ ሥርዓት የሴት ልጅ ቦታ እጅግ ጠባብ እንደነበር፣ አለንጋም እንደማይጠፋ የሚታወቅ ነው፤ ትርጉሙን ሳያውቁ በቃል መያዝም የራሱ ጉድለት አለው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሕፃናትን በዕድሜና በክፍል ደረጃ ሲመድብ ግን አንድ ትልቅ ነገር ሳያስተውል ትቷል። ይኸውም ልጁ አሁን የት እንደደረሰ አውቆ ከዚያ ማስቀጠል ነው። በ1986ቱ ፖሊሲ መሠረት ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለፈተና ማለፍ ሲፈቀድ በተከታታይ ምዘና እየታገዘ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ምዘናው በ80 ተማሪ ክፍል ውስጥ ሲጠፋ ማለፉ ብቻ ቀረ። ፊደል ያልለየ ልጅ አራተኛ ክፍል ተቀምጦ የሳይንስ መጽሐፍ የሚሰጠው በዚህ መንገድ ነው።

ጉዳዩን ዛሬ ይበልጥ አስቸኳይ የሚያደርጉት ያለፉት ጥቂት ዓመታት ናቸው። በመስከረም 2012 ዓ.ም ነፋስ መውጫ ወይም ወገዳ አቅራቢያ አንደኛ ክፍል የገባ ሕፃን በዓይነ ሕሊናችን እንመልከት። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም በኮቪድ 19 ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ2013 ዓ.ም ተመልሶ ገባ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ጦርነቱ ላይ ጋይንት ደርሶ ነፋስ መውጫ በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ወደቀች፤ ነዋሪዋም ከፍተኛ ግፍ ደረሰበት። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተከሰተው የትጥቅ ግጭት ሳቢያ በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ2017 ዓ.ም በክልሉ ከትምህርት ገበታ ውጭ የሆኑት ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ መሆናቸውን የሥራ ኃላፊዎች በተደጋጋሚ ገልጸዋል። ያ ሕፃን ሳያቋርጥ ተምሮ ቢሆን በ2017 ዓ.ም ስድስተኛ ክፍል ይሆን ነበር። ምን ያህል ወራት ክፍል ውስጥ እንደተቀመጠ ግን ከመዝገብ ማወቅ አስቸጋሪ ነው፤ መዝገቡ ራሱ ያልተረፈባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ።

እንዲህ ያሉ ልጆች ሲመለሱ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ውስጥ የሰባት ዓመት ሕፃን ከ12 ዓመት ልጅ ጎን ይቀመጣል። አንዱ ከቤተሰቡ ወይም ከየኔታ ዘንድ ፊደል ተምሮ ይሆናል፤ ሌላው ያወቀውን ረስቶ ይሆናል። ለዚህ ክፍል መምህሩ የሚቀበለው መደበኛውን የዓመት ዕቅድ ብቻ ከሆነ ዕቅዱን ከመስከረም እስከ ሰኔ ሊጨርሰው ይችላል፤ ልጆቹ ግን አብረውት አይደርሱም።

የሌላው ዓለም ተሞክሮ በዚህ ረገድ የሚሰጠው ፍንጭ አለ። በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1989 በተካሄደው ጥናት ከ13 እስከ 17 ተማሪ ባላቸው ክፍሎች የተማሩ ሕፃናት ከ22 እስከ 25 ተማሪ ባላቸው ክፍሎች ከተማሩት የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ለጋይንት መምህር 25 ተማሪ ያለው ክፍል ራሱ ምኞት በመሆኑ ይህ ጥናት ብዙም አይጠቅመውም። ከእኛ ሁኔታ ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው የሕንድ ተሞክሮ ነው። ፕራታም የተሰኘው የሕንድ ድርጅት ልጆችን በቀን ለተወሰነ ሰዓት ከክፍል ደረጃቸው አውጥቶ በንባብ ችሎታቸው በመመደብ ማስተማር ውጤት እንዳለው አሳይቷል፤ ዛምቢያም ይህንኑ አሠራር ወስዳ ሠርታበታለች። በፍሬ ነገሩ ሲታይ ከቆሎ ትምህርት ቤቱ ሥርዓት ብዙም አይርቅም።

በእነዚህ ወረዳዎች ተግባራዊ ለማድረግ የሚጠይቀው ወጪ አነስተኛ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ ጥቂት ፊደላት፣ ጥቂት ቃላት፣ ሁለት ዐረፍተ ነገርና አንድ አጭር አንቀጽ ይጻፋል። መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ጠርቶ ያስነብባል። ለአንድ ልጅ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ 80 ልጅ ለመስማት 160 ደቂቃ፣ ማለትም አራት ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በኋላ መምህሩ ፊደል ያልለዩት፣ ፊደል ለይተው ቃል ያልገጠሙት፣ ቃል የሚያነቡትና አንቀጽ የሚያነቡት እነማን እንደሆኑ ያውቃል። የአማርኛ ፊደል ከነእርባታው ከ230 በላይ ነው፤ ልጁ የትኛው ላይ እንደሚሰናከል ሳይታወቅ በጅምላ "ሀ ሁ ሂ" ማስባል ድምፅ ያሳምራል እንጂ አንባቢ አያፈራም። ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ክፍል ያሉ መምህራን ተነጋግረው በቀን አንዱን ሰዓት ቢያመሳስሉ ልጆቹ በዚያ ሰዓት ብቻ እንደ ንባብ ደረጃቸው ክፍል ይቀያየራሉ፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ወደየክፍላቸው ይመለሳሉ። አንቀጽ የሚያነቡት ትልልቆች ለታናናሾቹ ማገዝ ይችላሉ፤ የራሳቸው ትምህርት እስካልተነካ ድረስ።

የማስተማሪያ መርጃውም ቢሆን ሩቅ አይደለም። ከማዳበሪያ ከረጢት ላይ የተጻፈ የፊደል ገበታ፣ ለመቁጠሪያ የሚሆን ቆርኪና ጠጠር፣ ከካርቶን የተቆረጡ ፊደላት ብዙ መምህራን ሲጠቀሙባቸው የኖሩ ናቸው። ችግሩ ክፍሉ በፈረቃ ሲያዝ ወይም በርና መስኮት ሳይኖረው ሲቀር ጠዋት የተሰቀለው ገበታ ከሰዓት በኋላ አይገኝም። ቁልፍ ያለው በር ለንባብ ትምህርት ምን ያህል እንደሚጠቅም በበጀት ሰነድ ላይ ለማስረዳት ይቸግር ይሆናል፤ መምህሩን ብንጠይቀው ግን አስቀድሞ የሚነግረን እሱን ነው። ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የድጎማ ገንዘብም ሆነ በ2015 ዓ.ም በተጀመረው "ትምህርት ለትውልድ" ንቅናቄ ከኅብረተሰቡ የሚሰበሰበው ድጋፍ መጀመሪያ የታችኞቹን ክፍሎች በርና መቀመጫ ቢያይ ተገቢ ነው።

ሌላው ጉዳይ ጊዜ ነው። የታች ጋይንት ዋና ከተማ አርብ ገበያ ስሟን ከገበያ ቀኗ ያገኘች ናት፤ በገበያ ቀን ክፍል እንደሚሳሳ ደግሞ በየትኛውም የገጠር ትምህርት ቤት የሚታወቅ ነው። በመኸር አጨዳና ውቂያ ወቅት እረኛው ልጅ ከክፍል ይቀራል። ይህን በቅጣት ለመመለስ መሞከር ልጁን ጭራሽ ያርቀዋል። አዲስ ፊደል ወይም አዲስ ስሌት በገበያ ቀን አለመጀመር፣ ያን ቀን ለክለሳና ወደኋላ ለቀሩት መስጠት መምህሩ በራሱ ሊወስን የሚችለው ነገር ነው፤ ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ "ከዕቅዱ ወደኋላ ቀርተሃል" ብሎ ካልመዘገበበት። የምግብ እጥረት በሚበረታባቸው የስማዳና የታች ጋይንት ቆላማ ቀበሌዎች ደግሞ ከሁሉም በፊት የትምህርት ቤት ምገባው ይነሣል። ጦሙን የዋለ ሕፃን በየትኛውም አደረጃጀት ቢቀመጥ ያንቀላፋል።

መምህሩን ከክፍል የሚያወጣው ስብሰባም የሚዘለል አይደለም። የገጠር መምህር ለንቅናቄ፣ ለምዝገባ፣ ለመረጃ ማሰባሰቢያ ሲፈለግ የኖረ የቅርብ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ለአንድ ቀን ስብሰባ ወደ መካነ ኢየሱስ ወይም ወደ ወገዳ የሚጓዝ መምህር መንገዱ ተጨምሮ ሁለትና ሦስት ቀን ከክፍሉ ሊጠፋ ይችላል። ስምንተኛ ክፍል ከሆነ ሌላ መምህር ክፍለ ጊዜውን ይሸፍንለታል። አንደኛ ክፍል ከሆነ ግን 80ዎቹ ሕፃናት ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹም በማግስቱ አይመጡም።

ይህ ሁሉ የሚያመለክተው ወደ አንድ የአስተዳደር ውሳኔ ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶች አንደኛ ክፍል የሚሰጠው አዲስ ለተቀጠረው፣ ልምድ ለሌለው መምህር ነው። የተሻለ ልምድና የተሻለ የምስክር ወረቀት ያለው ወደ ላይኛው ክፍል ይወጣል፤ ወደ ታች መመደብ እንደ ቅጣት ይቆጠራል። ፊደል ማስቆጠር ቀላል ሥራ ነው ከሚል ስሕተት የመነጨ ልማድ ነው። 80 ሕፃናትን መያዝ፣ የሚያፍረውን ማስደፈር፣ የሚረብሸውን ያለልምጭ መመለስ፣ 12 ዓመት የሞላውን ልጅ ከሕፃናት መካከል ሲቀመጥ እንዳይሸማቀቅ ማድረግ በሙያው የበሰለ ሰው ይጠይቃል። የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ሠልጣኞቻቸውን ለልምምድ ሲልኩ 80 ተማሪ ወዳለበት የገጠር ክፍል ቢልኳቸው አንድ ነገር ነው። ከዚያ የሚቀድመው ግን ርዕሰ መምህሩና የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጎበዙን መምህር አንደኛ ክፍል መድበው፣ ለዚህም በደረጃ ዕድገት፣ በመኖሪያ ቤት ወይም በዝውውር ቅድሚያ በመስጠት ክብር እንዲያገኝበት ማድረጋቸው ነው። የመምህራን ድልድል የሚሠራው በክረምቱ ወራት፣ ተማሪው ሳይመዘገብ በፊት ነው። ርዕሳነ መምህራን ስሞቹን የሚጽፉት ከስምንተኛ ክፍል ጀምረው ወደ ታች ከሆነ አንደኛ ክፍል የሚደርሰው የተረፈው ስም ነው፤ ዘንድሮ ዝርዝሩ ከአንደኛ ክፍል ይጀመር።